ለደሳለኝ የተያዘ ቦታ

ነገሩ የተበላሸው አምና፣ የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞች ጣና ዳር ሽርሽር የወጡ ጊዜ ነው። ፎቶ አንሺው ብርሃኑ ነበር። ብርሃኑ ደብረ ታቦር ውስጥ ጨርቅ ሲቀድ እጁ አይስትም የተባለለት ልብስ ሰፊ ነው፤ ስልክ ሲይዝ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ የልጅነት ጓደኛውን ደሳለኝን ከዳር ቆርጦ አስቀረው። ከደሳለኝ የተረፈችው አንዲት ጆሮ ናት። ይባስ ብሎ ፎቶውን አሳጥቦ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ ከማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን ከሚመሩት ከአያ ሙላቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ደሳለኝ ፎቶውን ትክ ብሎ አየው። «ለካ ጣና የሄደችው ጆሮዬ ናት! እንግዲህ ማኅበሩንም እሷው ትጠጣ» ብሎ ወጣ። በወጣበት ቀረ።

ብርሃኑን ከምንም በላይ ያንገበገበው ደሳለኝ አናጢ ሆኖ ሱቁ ከእሱ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ድሮ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሲተራረቡ ይውሉ ነበር። አሁን ደሳለኝ ጀርባውን ሰጥቶ እንጨቱን ይልጋል። ብርሃኑ ሽማግሌ ቢልክበት «ጆሮዬን አነጋግሯት» ብሎ መለሳቸው። የሚስቅ ሳቀ፤ ብርሃኑ ግን ጓደኛው ናፈቀው፣ በቃ።

ዘንድሮ ከትንሣኤ በኋላ ማኅበርተኛው ጉና ተራራ ለሽርሽር ወጣ። ብርሃኑ ስልኩን ገና ሲያወጣ አያ ሙላቴ እጃቸውን አነሡ።

«በማኅበር የቀረ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል ወይስ አይቀመጥለትም?»

«ይቀመጥለታል» አሉ ሁሉም።

«እንግዲያው ለደሳለኝ ቦታ ያዙለት።»

ተያዘለት፤ ያውም መሀል ላይ። ወዲያው የቦታው ስፋት አጨቃጨቀ። ታደሰ አንድ ክንድ ይበቃዋል ቢል ትርንጎ ተቆጣች፤ «ሲያወራ እጁን እንዴት እንደሚያወናጭፍ አታውቅም እንዴ!» ቦታው ሰፋ። ሲሰፋ ደግሞ የጉና ብርድ በዚያው ሾልኮ ገባ። ሌላዋ ማኅበርተኛ አሰለፈች «ከደሳለኝ አጠገብስ አልቆምም፣ ነፋሱን አይከልልም» ብላ ወደ ዳር ሸሸች። በጎቹን ይዞ የሚያልፍ አንድ ገበሬ ቆሞ ሲታዘባቸው ቆየና አዘነላቸው።

«ሰው ሳይጎድላችሁ አልቀረም፤ ልግባላችሁ?»

«ተይዟል!» አሉት ባንድ ድምፅ።

ሰውየው ቢከለከል አንዱ በጉ ገባ። ብርሃኑ ሊያባርረው ሲል አያ ሙላቴ «ተወው፣ ነፋሱን ይከልልልናል» አሉ። በጉም ቦታውን ወዶት ተከተላቸው። ጅባራ በሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ሥርም፣ በገደሉ አፋፍም ሰዉ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ መሀል ላይ ባዶ ቦታና አንድ በግ ሆኖ ፎቶ ተነሡ።

ብርሃኑ ፎቶውን አሳጥቦ መንገዱን ተሻገረ። ደሳለኝ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንተ ቦታ።»

«በግ ቆሞበታል።»

«ነፋስ እንዳይገባ ነው።»

ደሳለኝ ፎቶውን ኪሱ ከትቶ መላጊያውን አነሣ። ብርሃኑ ሱቁ ተመልሶ የሰው ሱሪ አጣሞ ሰፋ። በማግሥቱ የደሳለኝ ሱቅ ተዘግቶ ዋለ። ብርሃኑ «ጭራሽ ሰፈሩን ጥሎልኝ ሄደ» ብሎ እህል ሳይቀምስ አደረ።

ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በበሩ ሥር የገባ ፎቶ አገኘ። ደሳለኝ ነው፤ ብቻውን፣ ጉና ላይ፣ ከዚያው ጅባራ ሥር። በግራም በቀኝም ለማኅበርተኛው ሁሉ ቦታ ይዞ፣ ሁለት እጆቹን በሌሉ ሰዎች ትከሻ ላይ ጥሏል። በጉም አለ። ያነሣው ያ የበጎቹ ባለቤት መሆን አለበት፤ ወፍራም ጣቱ ከላይ ገብቶ የደሳለኝን አንድ ጆሮ ሸፍኖታል።

ብርሃኑ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። የደሳለኝ ቀኝ እጅ ከፍ ብሎ ረጅም ሰው ያቀፈ ይመስላል። ግራው ግን ዝቅ ብሏል፤ በጣም ዝቅ። ከማኅበሩ ያን ያህል አጭር ሰው ብርሃኑ ብቻ ነው።

ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን ተሻገረ። ደሳለኝ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይልጋል።

«ጆሮህ የለችም» አለው ብርሃኑ።

«እሷማ አምና ሄዳለች» አለ ደሳለኝ። «ዘንድሮ ተራው የኔ ነው።»