ቱምሊ እና ቱም ቱም

አስካለችና አሞጽ ቶሮሚ የተባለውን ቋንቋ ሲፈጥሩ ሚዛን ተፈሪ ከተማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። እሷ በቤንችኛ፣ እሱ በሸኮኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። ክፍል ውስጥ በአማርኛቸው የሚስቅባቸው ሲበዛ፣ «ማንም ከማንም የማይበልጥበት ቋንቋ እንሥራ» ተባባሉ። በአንድ ክረምት ስምንት መቶ ቃል ጻፉ። በሰባት ዓመት ውስጥ ቋንቋው ከሚዛን አልፎ ቴፒ ደረሰ፤ ማኅበር ተቋቋመለት፤ በቶሮሚ የሚጣሉ፣ በቶሮሚ የሚፋቀሩ ሰዎች ተገኙ።

ከዚያ ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። መነሻው ሲያወሩት ያስቃል። በቶሮሚ ቤት «ቱም» ነው። ቤቶች ለማለት ሕጉ «ቱምሊ» ይላል። ቴፒ ያሉት ግን ቃሉን እየደገሙ «ቱም ቱም» ማለት ጀመሩ። እዚያ የቡና ባለሙያ ሆኖ የሚሠራው አሞጽ፣ «ሰው ከተናገረው ልክ ነው» አለ። ሚዛን አስተማሪ የሆነችው አስካለች፣ «ዛሬ ይህን ከለቀቅን ነገ አንግባባም» አለች። ስብሰባ ላይ «ግትር» አላት፤ «ከሐዲ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። ሁለት መዝገበ ቃላት፣ ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት የቴሌግራም ቡድን ሆነ።

ትሕትና ከሁለቱም ቡድን ተባራለች።

ቴፒ አጠገብ በአንድ ችግኝ ጣቢያ የቡና ችግኝ እያፈላች የምትተዳደር የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ቶሮሚን ያጠናችው ከአስካለች መዝገበ ቃላት ነው፤ መናገር የለመደችው ግን ከቴፒዎቹ ጋር። ስለዚህ ሁለቱን ትቀላቅላለች። ሁለቱም ወገን፣ «መጀመሪያ አስተካክለሽ ተናገሪ» ብለው አስወጧት። የሚያናግራት ስታጣ እሑድ እሑድ መጻፍ ጀመረች። በአሥር ወር አንድ ረጅም ታሪክ ጨረሰች። እስከዚያ ድረስ በቶሮሚ ከመዝገበ ቃላትና ከቃለ ጉባኤ በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ወሬው ሲሰማ ከሚዛንም ከቴፒም ተመሳሳይ መልእክት መጣላት፤ «ስሕተቱን አርሚና እናሳትምልሽ።» እሷም ለሁለቱም አንድ መልስ ላከች፤ «የፊታችን ቅዳሜ በሁለታችሁ መሐል፣ ሸኮ ከተማ ላይ አነበዋለሁ። የፈለገ ይምጣ።»

ስድሳ ሰው መጣ። ሚዛኖች በቀኝ፣ ቴፒዎች በግራ ተቀመጡ፤ የመሐሉ አግዳሚ ባዶ ቀረ። አስካለች ከፊት ሆና ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተች። አሞጽ ከበሩ አጠገብ ቆመ።

ታሪኩ ጎርፍ ቤቷን ስለወሰደባትና የጠፋች እኅቷን ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ ስለሄደች ሴት ነው። ትሕትና ስትጀምር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎርፉ ጋ ስትደርስ «ቱምሊን ወሰደ» ብላ አነበበች፤ ቴፒዎች አጉረመረሙ። ሴትየዋ ኮረብታው ላይ ወጥታ ከተማውን ስታይ ደግሞ፣ «ከፊቷ ቱም ቱም ተዘረጋ» አለች። አስካለች ብድግ አለች።

«አቁሚ! አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ! አንዱን ምረጪ!»

«እውነቷን ነው!» የሚል ድምፅ ከቴፒዎች ወገን ተሰማ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ትሕትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ቲቸር፣ ጎርፉ የወሰዳቸው ቤቶች ስንት ነበሩ?»

«አምስት።»

«የማን የማን?»

«የእሷ፣ የአማቷ፣ የሸማኔው፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ሁለት ቤት።» አስካለች በጥሞና ስታዳምጥ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀባት።

«ከተማው ውስጥ ያሉትስ?»

«እሱን ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?»

«ለዚህ ነዋ!» አለች ትሕትና። «የማውቃቸው፣ ባለቤታቸውን በስም የምጠራቸው ቤቶች ቱምሊ ናቸው። ዓይኔ የማይጨርሳቸው ደግሞ ቱም ቱም። አንዱን ከወሰዳችሁብኝ፣ ያቺ ሴት እዚያ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነች በምን ልንገራችሁ?»

አስካለች እንደቆመች ቃላቱን በሹክሹክታ ደጋገመቻቸው። ከዚያ ወደ በሩ ዞር አለች።

«ይህን ሕግ እኔ አልጻፍኩትም፤ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔም አላሰብኩትም» አለ አሞጽ። ቀጥሎም፣ «ሰው የተናገረውን እንቀበል እያልኩ፣ ይህችን ልጅ ከቡድናችን ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ትሕትና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«ጋሽ አሞጽ፣ ልጨርሰው?» አለች ትሕትና።

«ጨርሺው እንጂ!» ያለችው አስካለች ናት። እስክሪብቶዋን ዘግታ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የትሕትና ድምፅ አልተንቀጠቀጠም። ሴትየዋ አውቶቡስ ተሳስታ ሠርግ ቤት ስትገባ ቀኝና ግራው እኩል ሳቀ። እኅቷን ገበያ መሐል በድምፅዋ ስታውቃት፣ አስካለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ብዙ ሰው አያት። አሞጽ በሩን ትቶ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሌሎችም ተከትለውት አግዳሚው ሞልቷል።

ንባቡ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ቴፒዎቹ «ይደገም!» አሉ፤ ሚዛኖቹ እልልታውን አቀለጡት። አስካለች የራሷን መዝገበ ቃላት አውጥታ ቱም በሚለው ሥር ሁለቱንም ከነትርጉማቸው ጻፈች፤ ከጎኑም የትሕትናን ስም አኖረች። አሞጽ ከአጠገቧ ቆሞ አንድ የተሳሳተ ሆሄ አረመላት፤ እሷም ተቀበለችው።

ትሕትና ወደ መናኸሪያው ስትሄድ ሰው ከበባት። «እኅትየዋ አብራት ተመለሰች? ወንድማማቾቹስ ቤታቸውን መልሰው ሠሩ?» እያለ ሚዛኑም ቴፒውም በቶሮሚ ይጠይቃታል። እሷም እንደለመደችው እየቀላቀለች፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ መለሰችላቸው።