እስኪሸት ድረስ

ውሃ አጣሪዋ ከልክ ያለፈች ተጸያፊ ነበረች። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አትጠጣም፤ የአውቶቡስ መያዣ እንኳ በመሃረብ ነው የምትይዘው። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት፣ አያድርስ ነው፣ በባትሪ ፋብሪካ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት የተቀላቀለበትን ፍሳሽ እንድታጣራ የተቀጠረችው።

ሥራው ለወሬ ቀላል ነው። ገንዳው ውስጥ ሠራተኞቹ «ማሰሪያ» የሚሉት መድኃኒት ይጨመራል፤ እሱ እርሳሱን ጠርንፎ፣ ጥቁር አተላ አድርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። ከላይ የጠራው ወደ ቦይ ይለቀቃል። ቦዩ በታናሽ እህቷ ጓሮ ያልፋል፤ እህቷ ሰላጣ የምታጠጣው፣ ልጆቿን የምታበላው ከዚያው ነው።

መድኃኒቱ ግን የገማ እንቁላል ይሸታል። መመሪያው ደግሞ እየጨመርሽ፣ እያማሰልሽ፣ ውሃው ራሱ እስኪሸት ድረስ ጎንበስ ብለሽ አሽትቺ ይላል። ሸተተ ማለት የሚታሰር እርሳስ አልቆ መድኃኒቱ ተረፈ ማለት ነው።

ጎንበስ ብሎ ማሽተት! ኤዲያ፣ ይሄም ሥራ ተብሎ! ግማቱ ከፀጉሯ አይለቅ፣ ከትራሷ አይለቅ። ባሏ ዛሬ ስንት እንቁላል ሰበርሽ እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንጀቷ አረረ። ስለዚህ ሽታው ሳይመጣ መጨመሯን ማቆም ጀመረች። ውሃው እንደሆነ ኩልል ብሎ ይጠራል፤ ማን ያውቅባታል? ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

በኋላ አዲስ ኬሚስት መጣና የቦዩን ውሃ መረመረ። እርሳሱ ከተፈቀደው ዘጠኝ እጥፍ ነው አላት። ክው አለች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር እህቷ ቤት በረረች።

እነሱ ምሳ ላይ ነበሩ። ሰላጣው በትልቅ ሳህን መሃል ተቀምጧል፤ ትንሿ ልጅ ጉንጯን ሞልታ ታኝካለች። ውሃ አጣሪዋን የዛን ቀን የቀፈፋት ሳህኑ አልነበረም፣ የገዛ እጇ ነው። ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ ከቦዩ ታጠጪ ነበር ወይ አለቻት።

«ጎረቤቶቼማ የፋብሪካውን ውሃ ፈርተው ተዉ» አለች እህቷ፣ ወንበር እየሳበችላት። «እኔ ግን እትዬ እያለች ምን ሆኜ አልኳቸው። እሷን የመሰለች ተጸያፊ ቆሻሻ ትለቃለች?»

«ለቅቄያለሁ» አለቻት። «ሽታው አስጠልቶኝ መድኃኒቱን እያጎደልኩ ሦስት ወር ሙሉ ለቅቄያለሁ።»

እህቷ ትንሿን ልጅ ወደ ጭኗ ሳበቻት፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና ያኘከችውን አረንጓዴ ከጥርሷ ሥር፣ ከምላሷ ላይ እየጠረገች ታወጣ ጀመር።