ያልተመለሰ ድንጋይ

በእኛ በፈረንሳይ፣ በብሬታኝ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ ገልብጦ ሸርጣንና ዘመዱን ሎብስተርን የሚለቅም ሰው፣ ከሥሩ የሚኖሩት ፍጥረታት እንዳይሞቱ ድንጋዩን እንደነበረ ሳይመልስ አይሄድም። የሚሄድ ካለ ባለጌ ነው። የድንኳን ጎረቤታችን አርሜል በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሎሪ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የድንጋይ ዘበኛ ሆነ።

የኔው ጉድ፣ ባሌ ጆኤል ደግሞ ገልብጦ መተው ልማዱ ነው። በየበጋው ድንኳናችንን ከአርሜል ጎን ስንተክል ሁለቱ በዚሁ ይናቆራሉ።

አምና አንድ ቀን ማለዳ ጆኤል አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ በብረት ዘንግ አንስቶ በጠጠር ደገፈው። በደረቱ ተኝቶ፣ እጁን ከሥር ሰዶ ሎብስተር ይጎረጉራል። አርሜል የተገለባበጡትን ድንጋዮች እያየ፣ ደሙ ፈልቶ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ ከብት! ስንቴ ልንገርህ?»

«ሂድ ወዲያ! ባሕሩን አባትህ አላወረሰህም» አለ ጆኤል፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ድንጋይ የሚመለሰው እንዲህ ነው!» ብሎ አርሜል ድጋፉን በርግጫ አነሳው።

ድንጋዩ የጆኤል እጅ ላይ ወደቀ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። አርሜል የጆኤልን እጅ አላየሁም ብሎ ምሏል፤ እኔ እንጃ። በያዝኩት ባልዲ ፊቱን ስመታው አፍንጫው ተሰበረ።

«ኦዲል፣ በኋላ ትገድይኛለሽ! መጀመሪያ እናንሳው!» አለኝ አርሜል።

ታገልን። ዘንጉ ጎበጠ፣ ድንጋዩ ትንሽ ተንቀሳቀሰና መልሶ ተኛ። ሁለት ጣቶቹ ከሥር ቀሩ። ባሕሩ ደግሞ እየተመለሰ ነው፤ ውሃው የጆኤል አገጭ ደርሷል።

«ቁረጥ!» አልኩት አርሜልን።

የዓሣ ቢላዋውን እንደያዘ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። ነጠቅኩት። ጆኤል «ተይ፣ እባክሽ ተይ» እያለ ውሃ ይውጣል። አንደኛው ጣት ወዲያው ተቆረጠ። ሁለተኛው አጥንቱ እምቢ ሲለኝ በጉልበቴ ተጭኜ ጨረስኩት። ውሃው ቀይ ሆነ። አርሜል ተሸክሞት ወጣ።

ዘንድሮም ድንኳኖቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ማታ ሎብስተር ሲጠበስ ቅርፊቱን ሰብሮ ለጆኤል የሚሰጠው አርሜል ነው፤ ይሳሳቃሉ። እኔ ጆኤልን ላጉርስህ ስለው ግን እጁን ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃል።

ትናንት ከድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ጆኤል ለአርሜል ሲነግረው ሰማሁ፦

«አንተ እኮ አለቀስክ። የሷ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም።»