የዶርካስ ሞተር

ልጄን ሊኔትን ማንበብ ያስተማርኳት በጀልባ ስም ነው እያልኩ፣ ለአገኘሁት ሰው ሁሉ አፌን ሞልቼ ሳወራ ከርሜያለሁ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩ እናቶች አጠገቤ ካሉማ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። ያ ጉራዬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

የምንኖረው በቦይ ላይ በምትሄድ ጠባብ ጀልባ ውስጥ ነው፤ እኔ፣ ባሌ ፈርገስና የዘጠኝ ዓመቷ ሊኔት። ጀልባችንን የምናስርበት ቋሚ ቦታ ስለሌለን፣ በቦዩ ሕግ በየአስራ አራት ቀኑ ከቆምንበት መነሳት አለብን። እንዲህ የሚዞር ልጅ የትኛው ትምህርት ቤት ይገባል? አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ሒሳብ የምንማረው የቦዩን ውሃ ገድቦ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የውሃ በር ስንከፍትና ስንዘጋ ነው፣ ሳይንስ ከዳክዬዎቹ፣ ንባብ ደግሞ ከጀልባ ስም። ጀልባ ሁሉ ስሟ ጎኗ ላይ በትልልቁ ተጽፏል። ቀድሞ ያነበበ ብስኩት ይወስዳል። ሁልጊዜ የምታሸንፈው ሊኔት ናት፤ የጀልባዋ አፍንጫ ከመታጠፊያው ብቅ እንዳለ ስሟን ትጠራለች።

"ይቺ ልጅ አንድ ብስኩት ሳታስቀምስ ልታስረጀኝ ነው" ይላል ፈርገስ።

መጽሐፍ ስገልጥላት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። "እማ፣ አንቺ አንብቢልኝ፤ ያንቺ ድምፅ ይጥማል" ትለኛለች። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አነባለሁ።

አምና ከአውራጃው ትምህርት ቢሮ የመጡት ወይዘሮ ሃድፊልድ ንባቧን አልወደዱትም። "በዓመቱ እመለሳለሁ፤ ለውጥ ካላየሁ ትምህርት ቤት ትግባ ማለቴ አይቀርም" ብለውን ሄዱ። ትምህርት ቤት ከገባች ቤት መከራየት ሊመጣ ነው፤ ቤት ለመከራየት ደግሞ ጀልባችን መሸጥ አለባት። ሊኔት የተወለደችው እዚያች ጀልባ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ነው። እኔና ፈርገስ ይህን ስናወራ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች ብለን ነበር።

ወይዘሮ ሃድፊልድ ዘንድሮ በሚያዝያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ መጡ። ከኋላ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሻይ ቀዳሁላቸው። ሊኔት የሳለቻቸውን ወፎች አሳየቻቸው፤ የውሃ በሩ ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚይዝም አስልታ ነገረቻቸው። ደስ አላቸው።

"ንባቡስ?" አሉ።

"አሁን በዓይንዎ ያያሉ" አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ወዲያው አንዲት ጀልባ ከመታጠፊያው ብቅ አለች።

"ዶርካስ!" አለች ሊኔት፤ እጇን ወደ ብስኩቱ እየሰደደች።

"ጎበዝ!" አሉ ወይዘሮዋ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር፤ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ።

ጀልባዋ ጎኗን ሰጠችን። ቀለሟ ገና ያልደረቀ የሚመስል አረንጓዴ፣ ጽሑፉ ቢጫ፦ ማቲልዳ።

ክው አልኩ። ዶርካስስ ዶርካስ ነበረች። ሰማያዊ ሳለች አውቃታለሁ፤ የገዟት ሰዎች ቀለሟንም ስሟንም ቀይረውታል። ያልተቀየረው ያ እንደ ሽማግሌ የሚያስለው ሞተሯ ብቻ ነው። ልጄ አላነበበችም። ሰምታ ነው። ስሙን አንድ ጊዜ ከአባቷ አፍ ከሰማች በቃት፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይነግራታል። እኔ ደግሞ ጽሑፉ ያለው ጎኗ ላይ መሆኑን እያወቅሁ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ብቻ አይታ እንዴት አነበበችው ብዬ ጠይቄ አላውቅም!

መጀመሪያ ቆሽቴ አረረ። ዓመት ሙሉ ስታታልለኝ! ዞር ብዬ ሳያት ፊቴን እያየች ነው። ምን እንደተሳሳተች አላወቀችም፣ መሳሳቷን ግን አውቃለች። ብስኩቱን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው። አንጀቴን በላችው።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። እስክሪብቶው እየሄደ ነው። ዝም ካልኩ ጀልባችን ትተርፋለች፤ ሊኔት ደግሞ ሳታነብ ታድጋለች።

"ወይዘሮ ሃድፊልድ፣ ይሰርዙት" አልኩ።

"ምኑን?"

"ጎበዝ ያሉትን። ያቺ ጀልባ ማቲልዳ ነው የምትባለው። ልጄ ማንበብ አትችልም።"

ሊኔት ጮኸች። "እማ! ለምን ነገርሻቸው? አሁን ጀልባችንን ልትሸጧት ነው! እኔ እኮ ሁሉንም ሞተር በቃሌ ይዣለሁ! መቶ አስራ ሁለት ናቸው!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወይዘሮ ሃድፊልድ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አወረዱ።

"መቶ አስራ ሁለት? በድምፅ ብቻ?"

"አዎ" አለች እየተነፋረቀች።

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ጭንቅላትስ አላነሳትም። ፊደል የማይያዝላቸው እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ሌላ መንገድ ነው የሚፈልጉት። ጆሮዋ ጎበዝ ከሆነ ከጆሮዋ ጀምሪ፤ የእያንዳንዱን ፊደል ድምፅ ለየብቻ። እንዴት እንደሆነ ጽፌ እልክልሻለሁ። እስከ ጥቅምት እጠብቃለሁ።" ሻያቸውን ጨለጡ። "ከጥቅምት በላይ ግን አልችልም።"

ወራቱን ሙሉ ለፋን። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ የጀልባዋ ጣራ ላይ ፊደል ትጽፋለች፣ ድምፁን ትለዋለች፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እንደገና ትጽፋለች። ያለቀሰችባቸው ቀኖች አሉ። እኔም ትዕግስት ሲያልቅብኝ አንድ ቀን መጽሐፉን ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት። ፈርገስ በዓሣ መረብ አወጣውና "የማን ልጅ መሆኗን አሁን አወቅሁ" አለኝ። የጀልባ ስም ጨዋታውን አንዳችንም አላነሳነውም።

መስከረም ገባ። ለጥቅምት ሦስት ሳምንት ሲቀረን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊኔት ጣራው ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ድንገት ቢላዋዋን አስቀመጠችና ሁለቱንም ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

"ምን ሆነሻል? አመመሽ እንዴ?"

አልሰማችኝም። ዓይኗ መታጠፊያው ላይ ተተክሏል። ከዚያ በኋላ ነው የሞተር ድምፅ ለእኔ የመጣልኝ፤ ለካ ስሙን ከሞተሩ እንዳትሰማ ነው ጆሮዋን የደፈነችው።

ጀልባዋ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። ሊኔት ዝም። የጀልባዋ አፍንጫ አለፈና ጎኗ መጣ። የልጄ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ግንባሯ ተኮማተረ።

"ሮ..." አለች። "ሮ... ዋ... ሮዋን!"

ጆሮዋን የደፈነ ሰው እንደሚጮኸው ነው የጮኸችው፤ ዳክዬዎቹ ከውሃው ተነሱ። መሪውን የያዘው ሰውዬ ደንግጦ ባርኔጣውን አነሳላት።

"እማ! ልክ ነኝ?" እጆቿን ከጆሮዋ አላነሳችም።

"ልክ ነሽ!" አልኳት። እሷ ግን አትሰማም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁላት።