የርቢ ላም ድጎማ

ሂርጳ እንጦጦ ጥግ ላይ ሁለት ላም ያልባል። አንዷ የራሱ ናት፤ ሁለተኛዋ ቡሬ ግን የርቢ ናት። ባለቤቷ እትዬ ሥርጉት የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰው ናቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ባላቸው ሲሞቱ ላሟን በሽማግሌ ፊት ሰጡት፦ ማብላት ማጠጣቱ የእሱ፣ ወተቱም የእሱ፤ ጥጃው ግን በተራ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ ቀጣዩ ለእሱ። ወረቀት የሚባል ነገር አልተጻፈም። እስከ ዛሬም ክፉ ቃል አልተነጋገሩም።

ጣጣው የመጣው ከድጎማው ጋር ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ላም ላለው አርቢ መንግሥት የመኖ ገንዘብ ይሰጣል ተባለ። መዝጋቢዎች በረቱ ድረስ መጥተው "ስንት ላም አለዎት?" ሲሉት "ሁለት" አለ። አልዋሸም፤ ሁለቱም ፊታቸው ቆመው ያመሰኳሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ሲገባ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዛበት። አሁን ደግሞ ወረዳው "የላሞቹ ባለቤት መሆንዎን ካልፈረሙ ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ" ብሎ ጠራው። ከተሰረዘ፣ በዘንድሮ የመኖ ዋጋ የራሱን ላም ሳይሸጥ ክረምቱን እንደማይወጣው ያውቃል።

እትዬ ሥርጉትን ይዞ ወደ ወረዳው ሄደ። መንገዱን ሙሉ ስለሚቆፈረው አስፋልትና ስለ ጎረቤት ሰርግ ሲያወሩ፣ የላሟን ነገር ሁለቱም አላነሱትም። የሰው ላም በስሜ ይጻፍልኝ ማለት ለሂርጳ ከልመና ይከፋበታል።

"ቡሬ የማን ናት፣ አባቴ?" አለች መዝጋቢዋ መቅደላዊት።

"የእትዬ ሥርጉት።"

"ታዲያ እርስዎ ዘንድ ምን ትሠራለች?"

"ትታለባለች።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"ጥጃዋስ?"

"ያለፈው የእኔ ነበር። አሁን ሆዷ ውስጥ ያለው የእሳቸው ነው።"

መቅደላዊት ኮምፒውተሩን አየች፣ ሁለቱን አየች። "እዚህ ያለው 'የግል' እና 'የኪራይ' ብቻ ነው። ለኪራይ ደግሞ ድጎማ የለም። ኪራይ ይከፍሏቸዋል?"

"ኧረ በፍጹም!"

"እንግዲያው የግልዎ ናት።"

"አይደለችም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።"

"በእሳቸው ስም ልመዝግባት?"

"የት ላቆማት?" አሉ እትዬ ሥርጉት። "እኔ ለራሴ መዞሪያ የለኝ!"

ሂርጳ ጭንቅላቱ ዞረበት። ላሟ የእሱ ካልሆነች፣ የኪራይ ካልሆነች፣ ባለቤቷም ዘንድ መቆሚያ ከሌላት፣ ምኗን እያለበ እንደኖረ ግራ ገባው። "በቃ ሰርዢኝ" አለ።

"ማን ሰርዢኝ በል አለህ?" እትዬ ሥርጉት ተቆጡ። "ከቤት ጀምሮ 'በስሜ ላስመዝግባት ወይ' እስክትለኝ ስጠብቅ!"

"እኔ በምን አፌ እላለሁ?"

"እኔስ ቀድሜ ባነሳው፣ ላሜን እንካ ያልኩህ አይመስልም? ልጄ፣ የግሉ ናት ብለሽ ጻፊ።"

ተጻፈ። ሂርጳ ፈረመ፤ ወዲያው ግን ስጋት ገባው። ነገ ቢሞት ልጆቹ ይህን ወረቀት አግኝተው "ያባታችን ላም" ቢሉ፣ ያኔ የነበሩት ሽማግሌዎች እንደሆኑ አልፈዋል፤ ማን ይመልሳቸዋል? እትዬ ሥርጉትም ይህን ሳያስቡት የቀሩ አይመስልም፤ ነጠላቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ።

በሩ ላይ ሲደርስ ጥበቃውን ዘረሰናይን ያዘው።

"ወንድሜ፣ ምስክር ሁነኝ። ቡሬ የምትባለው ላም ንብረትነቷ የእኚህ እናት ነው። እኔ ብሞት ልጆቼ እንዳይነኳት።"

ዘረሰናይ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "ቆይ፣ አሁን ውስጥ ምን ብለህ ፈርመህ ወጣህ?"

"የእኔ ናት ብዬ።"

"እኔ ፊት ደግሞ የእሳቸው ናት ትላለህ።"

"አዎ።"

"ታዲያ ውሸቱ የቱ ነው?"

ሂርጳ ወደ ቢሮው መስኮት አየ፤ ወደ እትዬ ሥርጉት ዞረ። እሳቸውም መልሱን የሚጠብቁት ከእሱ ነው።

"እሱን ለእኔም የሚነግረኝ ባገኝ" አለ።

ዘረሰናይ ራሱን ነቀነቀ። "እሺ፣ ሰምቻለሁ" አለ፤ ምኑን እንደሰማ ግን ለራሱም የገባው አይመስልም።