አርባው የጥሪ ደብዳቤ

ውዳሴ ቡሬ በሚገኘው የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኤክሴል ላይ የምትጫን ትንሽ ፕሮግራም ሠራች። ቁልፏ አንዴ ስትነካ ለአርባ የቀበሌ ሰብሳቢዎች የስብሰባ ጥሪ በኢሜይል ትልካለች። በራሷ አድራሻ ስትሞክራት ሠራች። ለሰብሳቢዎቹ ስትልክ ግን ፕሮግራሟ «የተቀባዩ አድራሻ ልክ አይደለም» እያለች አርባውንም መለሰችባት።

ውዳሴ ኔትወርኩን አየች፣ የይለፍ ቃሉን ቀየረች፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበበች። ምንም ጥፋት አላገኘችበትም። እልህ ይዟት በመጨረሻ የአድራሻ ዝርዝሩን ብትከፍት፣ በእያንዳንዱ አድራሻ ፊት «ክቡር አቶ» ወይም «ክብርት ወይዘሮ» ተጽፏል። ዝርዝሩን የጻፉት አዛውንቱ ጸሐፊ ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው።

«ጋሼ፣ ኢሜይል እኮ ከአድራሻ ሌላ አይቀበልም» አለቻቸው ሳቋን እየዋጠች።

«ታዲያ ያን ሁሉ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ ልጥራ? ማሽንሽ ነውር ካላወቀ ግሪው እንጂ።»

ገራችው። ፕሮግራሟ እነዚያን ሁለት ማዕረጎች ከአድራሻው አንሥታ ደብዳቤው ራስጌ ላይ እንድታስቀምጣቸው አደረገች። ልትልክ ስትል ጋሽ ባንተአምላክ «ቆይ፣ የረሳሁት ሰው አለ» ብለው ዝርዝሩ ግርጌ አንድ አድራሻ ጨመሩ።

ቁልፏን ነካች። አርባው ሄዱ፤ አርባ አንደኛው ተመለሰ። ብታየው የራሷ አድራሻ ነው፤ ከፊቱ ፕሮግራሟ የማታውቀው ማዕረግ፣ «ክብርት ኢንጂነር» ተብሎበታል።

ውዳሴ ያችን ስህተት እስከ ዛሬ አላረመቻትም።