የእማዬ ወንበር

አባቴ በጉርምስናው ሳያብድ ቀርቶ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ አበደ። ያሳበደችው ሴት አይደለችም፤ ሴት ብትሆንማ እማዬ በአንድ ከሰዓት ትጨርሳት ነበር። ያሳበደው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሞተር መወዳደሪያ መም ነው።

አባዬ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ጋራዡ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ የቆርቆሮው መዝጊያ ሲከፈት ጋራዥ፣ ሲዘጋ ሳሎን ይሆናል። ትምህርት ቤትና እኔ በሰላም ከተለያየን ወዲህ እኔም እዚያው ነኝ። አባዬ የተወዳዳሪዎችን ሞተር ሲሠራ ነው የኖረው። የውድድር ቀን ሲደርስ መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ እሱ ያሰረውን ቡሎን ሌላው ይጋልበዋል። አንድም ቀን ራሱ ገብቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የመሙ ባለቤቶች ማስታወቂያ ለጠፉ። ሞተሩ ፍተሻ ያለፈ፣ ሙሉ የቆዳ ልብስ የለበሰ ማንም ሰው ገብቶ መንዳት ይችላል ይላል። ውድድር የለም፣ ዋንጫ የለም፣ መንዳት ብቻ። አባዬ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው።

«እኔም ማንም ሰው ነኝ አይደል?» አለኝ።

ሞተራችን ቀይ ናት፤ ደረትን ነዳጅ መያዣዋ ላይ ለጥፈው የሚነዷት የስፖርት ሞተር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባዬ «የበኩር ልጄ» ይላታል፣ እማዬ «ጣውንቴ» ትላታለች። ለእኔ ምኔ እንደሆነች እስካሁን አልተወሰነም።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ደንበኛችን ቄንጠኛው ጋ ነው። ቄንጠኛው ሞተሩን ከሚነዳት ይልቅ የሚወለውላት ይበዛል።

«ጋሼ፣ በዚህች ነው የሚገቡት?» አለ ዞር ዞር ብሎ እያያት። «የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ መቀየር አለበት። ኮምፒውተሯም። የፊት ጎማዋን የያዘው ሹካ እንዳለ መጣል አለበት። አለዚያ መሙ ላይ ጋሪ ነው የሚመስሉት።»

«ማርሚታ የሚጨምረው ጩኸት ነው» አልኩት። «ለጩኸቱ አንተ አለህልን።»

«አንቺ ልጅ!» አለኝ አባዬ፤ ጢሙ ስር ግን ፈገግ ብሏል።

ቄንጠኛው ሲሄድ ፈገግታውም አብሮት ሄደ። አባዬ በርጩማው ላይ ተቀመጠና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ንጹህ እጁን ነው የሚጠርገው። «ልጁ ውሸቱን አይደለም። በእኛ ኪስ ምን ይሠራል?»

«በእኛ ኪስ ፍሬንና ጎማ ይሠራል። መቆም የማይችል መሮጥ አይችልም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አሁን ልትክደኝ ነው?»

ጀመርን። ተወዳዳሪዎች አንድ ቀን ነድተው የሚጥሉት ጎማ አለ፤ ለእነሱ ያለቀ፣ ለእኛ ገና ጨቅላ ነው። አባዬ ያልዋለላቸው ውለታ ስለሌለ ጥንድ ጎማ በነጻ አገኘ። የፍሬን ሸራ ላይ አልሰሰትንም፣ አዲስ ገዛን። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ እንዳይደፋ የሹካዋን ዘይት ወፈር ባለ ቀየርነው። ራዲያተሯ ውስጥ የነበረውን ባለ ቀለም ፈሳሽ ደፍተን ንጹህ ውሃ ሞላን፤ ፈሳሹ መሙ ላይ ቢንጠባጠብ ከኋላ የሚመጣውን ያንሸራትታል ብለው ፈታሾቹ ይከለክላሉ። የዘይቷን ቡሎን እንዳይላላ በቀጭን ሽቦ ጠፈርነው።

የቀሩት የፍሬን ቱቦዎቹ ነበሩ። የእኛዎቹ ጎማ ናቸው፤ ከማርጀታቸው የተነሳ ፍሬኑን ጠበቅ ስታደርገው እንደ ፊኛ ያብጣሉ። በብረት ክር የተጠለፉ ያስፈልጋሉ። ኪሳችን እዚህ ላይ ስትደርስ «እኔ በቃኝ» አለች።

«እስከዚያ ክብደት እንቀንስ» አልኩ። «ለመፍታት ማን ያስከፍላል?»

ስፖኪዮውን፣ ታርጋውን፣ ፍሬቻዎቹን፣ የማቆሚያ ካቫሌቶውን ፈታሁ። አንድ ነገር በፈታሁ ቁጥር ጎረቤታችን ሚስማር ሻጩ ጋ ሮጬ በሚዛኑ አስመዝናለሁ። ሰውየው መጨረሻ ላይ «ቤታችሁን ልትሸጡ ነው እንዴ በኪሎ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ከባዱ ነገር ገና አልወረደም» አልኩት ሆዱን እያየሁ።

«እሱ ቡሎን የለውም» አለ።

ከዚያ የኋላውን መቀመጫና የኋላ ሰው የእግር ማሳረፊያዎችን ፈታሁ። ልክ በዚያው ቀን፣ እማዬ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ ዕቃ አድራሹ መብረቅ መጣ። መብረቅ ያልነው ሁልጊዜ ስለሚዘገይ ነው። የእኛዋን ሞተር የምትመስል ሞተር ከአንድ ተወዳዳሪ ገዝቷል፤ የኋላ ወንበር ግን የላትም። ሲገዛት አንድ ካርቶን ሙሉ ትርፍ ዕቃ ተመርቆለት፣ ምን ምን እንደሆነ ንገሩኝ ብሎ ይዞት መጣ። ካርቶኑን ስከፍት በብረት የተጠለፉ የፍሬን ቱቦዎች ከታች ተጠቅልለው ተኝተዋል።

«ይህን ስጠን» አልኩት።

«ወንበሩን ስጡኝ» አለ እሱም፣ የፈታሁትን እያየ። «እናቴ በየቀኑ ትነዘንዘኛለች። ወንበር በሌለው ሞተር የት ላስቀምጣት? ትከሻዬ ላይ?»

አባዬን አየሁት። አባዬ ወንበሩን አየ። «እናትሽ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ተቀምጣበት አታውቅም…» አለና ጭንቅላቱን አከከ። «ይሁን እስቲ።»

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከጋራዡ ቀጥሎ ያለው ክፍል የእሷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የእኛ መዶሻና የእሷ ስፌት መኪና እየተመላለሱ ይሰዳደባሉ። ያን ሰሞን የአባዬን የቆዳ ልብስ እየሰፋች ነበር። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ አንድ ጥቁርና አንድ ቡኒ ያረጀ ጃኬት ከሰፊ የቆዳ ሱሪ ጋር አጋጥማ፣ ወገቡ ላይ ዚፕ አዙራበት፣ ክርኑና ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ ወትፋበት፣ የቀራት ግራ እጅጌው ብቻ ነበር። «ዝንጉርጉር ላም መሰልክ» ትለዋለች። «ግን አስፋልት የሚልጠው የላሟን ቆዳ ይሁን፣ ያንተን እፈልገዋለሁ።»

እጅጌውን ልትለካ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ሞተሯ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«የት ሄደ?»

«ምኑ?» አለ አባዬ። መዋሸት እንደ እሱ የማይሆንለት ሰው የለም፤ ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

እኔ አስረዳኋት። ኪሎውንም፣ ቱቦውንም፣ መብረቅንም። እንዴት ያለ ልውውጥ እንደሠራሁ ስነግራት ድምፄ ላይ ኩራት ነበረበት። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ስፌት መኪናው ግን አልተነሳም። ቤታችን ውስጥ ስፌት መኪናው ዝም ካለ ወይ መብራት ጠፍቷል ወይ እማዬ ተቀይማለች። ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት። በርቷል።

ገባሁ። የሰው ሸሚዝ ላይ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች። የአባዬ ልብስ አንድ እጅ አጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እማዬ፣ ጉልበትሽን ካመመሽ ወዲህ አልተቀመጥሽበትም እኮ።»

«አልተቀመጥኩም።»

«ከእንግዲህም አልቀመጥም ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አልቀመጥም የምለው እኔ ነኝ። ያንቺን መፍቻ ምን አገባው?»

መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካችው።

«አባትሽ እኔን ለማግባት የለመነኝ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ነው» አለች። «ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ እሺ አልኩት። የወንበሩ ልብስ ሲቀደድ ያለበስኩት እኔ፣ ስፖንጁን የመረጥኩት እኔ። እናንተ ሚዛን ላይ አወጣችሁት። ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሆንኩ?»

ወጣሁ። አባዬ በሩ ጀርባ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሄዶ ስፖኪዮውን አነሳና መልሶ ያስር ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ይቅር። ከአጥር ሆኜ አይቼ የለ? አጥሩ አልፈረሰም።» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «እሷ ካዘነችበት እኔ አልነዳም።»

እንዲያ ከሚል ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጥኩ።

መብረቅ ግቢ ስደርስ ሞተሯ ጥላ ስር ቆማለች፤ እናቱ የእማዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። የትም አይሄዱም፤ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ ምታለከልኪው?»

የማን ልጅ እንደሆንኩና ለምን እንዳለከለክኩ ነገርኳቸው። ሴትየዋ ሹራባቸውን አጠፉና ወረዱ።

«አንተ!» አሉ ወደ ቤት። መብረቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ መጣ። «ሰው ቤት ገብተህ የሰው ሚስት መቀመጫ ትነቅላለህ?»

«እማማ፣ እነሱ ናቸው እኮ የሰጡኝ!»

«እሷ ሰጥታሃለች?»

«እሷ… እሷማ የለችም ነበር።»

«ፍታ!»

መብረቅ እየተነጫነጨ ፈታ። «ቱቦዎቼስ?» አለ።

«ቱቦ ላይ ማን ይቀመጣል?» አሉት እናቱ።

አዘንኩለትና በቱቦዎቹ ምትክ ሌላ ወንበር ፈልጌ እስካመጣለት ድረስ የሞተሩን ካቴና በነጻ ላጥብለት ቃል ገባሁ። እናቱን ግን ቢሰጡኝ እወስዳቸው ነበር።

ወንበሩን እማዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ገለበጠችው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ፈተሸች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። አባዬ ራሱ ተቀብሎኝ፣ ከእግር ማሳረፊያዎቹ ጋር አሰረው፤ ጥብቅ አድርጎ። ስፖኪዮውን ደግሞ መልሶ ፈታው። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው ክፍል ስፌት መኪናው ሲነሳ አባዬ መፍቻ እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ።

ቀኑ ደረሰ። ሞተሯን በሚስማር ሻጩ ፒክአፕ ጭነን ሦስታችንም ሄድን። ፈታሹ ረዥም ሰው ነው፤ ጎማውን ረገጠ፣ ፍሬኑን ጨበጠ፣ ሽቦውን ጎተተ፣ የአባዬን ዝንጉርጉር ልብስ አይቶ ስፌቱን ለመተርተር ሞከረና አቃተው። እማዬ አገጯን ቀና አደረገች። ፈታሹ ወንበሩ ጋ ደረሰ።

«ይህ ምንድነው? ሰው መጫን ክልክል ነው እኮ።»

«ባዶውን ነው የሚሄደው» አለ አባዬ።

«ታዲያ ለምን አልፈቱትም? ክብደት ነው።»

«እንዲህ ነው የምወዳት።»

ፈታሹ ወንበሩን ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም። «እንግዲህ ሕጉ አይከለክልም። ይለፉ።»

ቄንጠኛው ከኋላችን ተሰልፎ ነበር። «ጋሼ! ለእትዬም ሄልሜት ያምጡላቸው እንጂ!» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አባዬ ጓንቱን ማጥለቁን ቀጠለ፤ ግን ትከሻው ትንሽ ዝቅ ሲል አየሁ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቁጥር አስሩን መፍቻ ስጪኝ» አለችኝ።

«እማዬ?»

«ስጪኝ። ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ግራ።»

እያነከሰች ወደ ሞተሯ ኋላ ዞረች። አባዬ እጇን ያዘ። «ተይው። እውነቴን ነው፣ እኔ እንዲህ ደስ ይለኛል።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ለዚያ ነው የምፈታው።»

ፈታችው። አንዱ ቡሎን እንቢ ሲላት ልረዳ ጠጋ አልኩ፤ በክርኗ ገፋችኝ። ወንበሩን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችና ቄንጠኛውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ ልጅ፣ ሞተርህ አይቆሽሽብህም ዛሬ?» ሰልፉ አሁንም ሳቀ፤ ጎራውን ቀይሮ።

ሳሩ ላይ፣ አጥሩ አጠገብ ወንበሯን አስቀመጠች፤ በጉልበቷ ምክንያት እኔ ደግፌያት ተቀመጠችበት።

አባዬ ገባ። መጀመሪያ ሲነዳ እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር። ሁሉም አለፈው። ቄንጠኛው አለፈው፣ ገና ጢም ያላበቀሉ አለፉት፣ ጭስ የምትተፋ ቢጫ ሞተር ሳትቀር አለፈችው። ቀጥሎ ትንሽ ዘንበል አለ። ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ። ከዚያ አንዱ መታጠፊያ ላይ ቀይዋ ሞተር በጎኗ ጋደል አለች፣ ጉልበቱ ወደ አስፋልቱ ወረደ፣ ቢጫዋን በውስጥ በኩል አልፏት ሄደ።

«ዝቅ በል! ዝቅ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እማዬ ናት። «ፊትህን ወደምትወጣበት አዙር!»

«ይህን የት ተማርሽ?» አልኳት።

«ስታወሩ በሩ ክፍት አይደል? እኔ ደንቆሮ መስዬሻለሁ?»

ተራው አልቆ ሲመለስ ሄልሜቱን አወለቀ። ፊቱ በላብ ተነክሯል፤ ይስቃል፣ ማቆም አልቻለም። የለበሰው ቆዳ አልታዘዝ ስላለው እጁን አጥፎ ዚፑ ጋ መድረስ አቃተው።

«ነይ ፍቺልኝ» አላት።

«አልነሳም። ተመችቶኛል። አንተ ና።»

ቆዳው ሲጥ ሲጥ እያለ እፊቷ ተንበረከከ። ዚፑን እስከ ሆዱ ድረስ ጎተተችለት፤ ነፋስ ሲገባው «እፎይ» አለ።

«እንዴት ነበርኩ?»

«ዛፉ ጋ ባለው መታጠፊያ ፍሬን ቶሎ ትይዛለህ» አለችው።

አባዬ እውነት እንደሆነ ለማጣራት ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ፈታሹ ለሁለተኛው ተራ እየጠራ ነበር።

«ልግባ እንደገና?» አለ፣ እኔን ሳይሆን እሷን።

ዚፑን መልሳ እስከ አንገቱ ቆለፈችው። «ግባ እንጂ። እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ።»